የልጆች የሃሎዊን ጥሩር በቤት ውስጥ አሠራር፦ ከልኬት እስከ ቀለም

ኦክቶበር ሲገባ አሜሪካ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ «ለሃሎዊን ምን ልሁን?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ሃሎዊን ልጆች ኦክቶበር 31 ማታ ልዩ ልብስ ለብሰው ከረሜላ ለመሰብሰብ ቤት ለቤት የሚዞሩበት በዓል ነው። ጠያቂው ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ያለ ልጅ ከሆነ መልሱ ብዙ ጊዜ ጥሩር ያለው ነገር ነው። ሰይፍ የታጠቀ ፈረሰኛ፣ የጠፈር ወታደር፣ ሮቦት። ሱቅ የተሰቀለው ልብስ ግን በአብዛኛው ስስ ጨርቅ ላይ የታተመ የጥሩር ሥዕል ነው። ቤት ውስጥ ከፎም የሚሠራው ሌላ ነገር ነው። በሙቀት ሲታጠፍና በደንብ ሲቀባ ትንሽ ራቅ ብሎ ላየው ሰው ቁርጥ ብረት ነው። ልጁ ላይ ግን ምንም አይከብድም።

ሃሎዊንን አናከብርም የሚሉ ቤተሰቦች በመካከላችን ብዙ ናቸው፤ ምክንያታቸውንም አከብራለሁ። ጥሩር ግን አጽምም ጭራቅም አይደለም። ለሰንበት ትምህርት ቤት ድራማ፣ ለልደት፣ እስራኤል ላላችሁ ደግሞ ለፑሪም በዓል ያገለግላል። አሠራሩ ያው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንስማማ። ጥሩሩ ከማማሩ በፊት ልጁ ሊሮጥበት፣ ደረጃ ሊወጣበት፣ ቁጭ ሊልበትና ሽንት ቤት ሊገባበት ይገባል። ከዚህ በታች ያለው ልኬትና አቆራረጥ ሁሉ የተመረጠው ለዚህ ነው። በጣም የሚያምር ግን ልጁ በሦስተኛው ቤት በር ላይ «አውልቁልኝ» የሚለው ጥሩር ለማንም አይጠቅምም።

ምን ያስፈልጋል?

ዋናው ዕቃ ኢቪኤ የሚባለው ፎም ነው። የጂም ወለል ላይ እንደ እንቆቅልሽ እየተሰካካ የሚነጠፈው ምንጣፍ ከዚሁ ነው የሚሠራው። ምንጣፉ ብዙውን ጊዜ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ለአዋቂ ጥሩ ነው፣ ለትንሽ ልጅ ግን ይበዛል። ብብቱ ሥር ይሰነቀርና እጁን ወደ ታች ማውረድ ያቅተዋል። ለልጅ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለውን ምረጡ። እንደ ማይክልስ ያሉ የእጅ ሥራ መደብሮች በጥቅልም በሉህም ይሸጡታል። ለጌጥ ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር የሆነውን ስስ ፎም ጥቂት ሉህ ያዙ።

አሮጌ የዮጋ ምንጣፍ ቤት ውስጥ አለ ብላችሁ እንዳትጀምሩ። ብዙዎቹ የሚሠሩት ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ፒቪሲ ከመጠን በላይ ሲሞቅ የሚለቀው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።

ሌላው፦ ምላጩ የሚቀየር ካተር፣ ሂት ገን (በጣም የጋለ አየር የሚነፋ መሣሪያ)፣ ሙጫ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ላስቲክ፣ ቬልክሮ፣ ደክት ቴፕ፣ የሰፊ ሜትር፣ ማርከር፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ አክሪሊክ ቀለም (ጥቁር፣ ብርማ፣ ትንሽ ቡናማ) እና ባዶ የሲሪያል ካርቶን። የፀጉር ማድረቂያ በሂት ገን ቦታ አይተካም፤ ሙቀቱ አይበቃም። ሂት ገን ከሌላችሁ አትግዙ፤ ይህ መሣሪያ ያለው ጎረቤት ወይም ዘመድ አይጠፋም፣ ለአንድ ቅዳሜ ተዋሱ።

ስለ ሙጫው ትንሽ ልቆይ። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ኮንታክት ሲሜንት ነው፤ አገር ቤት ጫማ ሰፊ የሚጠቀምበት የማስቲሽ ዘመድ ነው። ጠረኑ ራስ ያዞራል፣ በቀላሉም በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ በረንዳ ላይ ወይም ጋራዡን ከፍታችሁ ሥሩ። ምድጃና ሻማ አጠገብ በጭራሽ። ልጆች በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ይሁኑ። በውኃ የተሠራ ኮንታክት ሲሜንትም አለ፤ ለመድረቅ ትንሽ ይዘገያል እንጂ አፓርታማ ውስጥ ለሚሠራ ሰው እሱ ይሻላል። በሙጫ ማቅለጫ መሣሪያ የሚቀልጠው ትኩስ ሙጫ ለጌጣጌጡ ይሆናል፤ ዋናውን መገጣጠሚያ ግን አትመኑበት። መኪና ውስጥ ሙቀት ሲያገኘው ይለቃል።

ልኬት፦ ጃኬቱን አስለብሱና ጀምሩ

ብዙ ሰው ልጁን በቲሸርት አቁሞ ይለካል። ኦክቶበር 31 ማታ ግን በቲሸርት አይወጣም። ዴንቨር ወይም ሚኒያፖሊስ ላላችሁ ይህን መንገር አያስፈልግም፤ ዋሽንግተን አካባቢም ቢሆን ጀምበር ስትጠልቅ ይበርዳል። ስለዚህ ያን ቀን የሚለብሰውን ጃኬት ወይም ወፍራም ሁዲ አስለብሱትና ከላዩ ለኩ። ይህን ካላደረጋችሁ ያን ያህል የለፋችሁበት ጥሩር ከጃኬት ሥር ተደብቆ ያመሻል።

የምትለኩት የደረት ዙሪያ፣ ከትከሻ እስከ እምብርት በላይ ያለው ቁመት፣ የትከሻ ስፋት፣ የእጅ አንጓና ከክርን በታች ያለው ዙሪያ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ሥር ያለው ቁመት፣ የባት ዙሪያ፣ የጭንቅላት ዙሪያ ነው። ሁሉንም ጻፉት።

ከዚያ ፓተርን፣ ማለትም ፎሙ የሚቆረጥበትን ንድፍ፣ ማውጣት ነው። ቀላሉ ዘዴ እንዲህ ነው። ከጃኬቱ በላይ የሚጣል ሰፊ ቲሸርት አልብሱት። ቲሸርቱን በደክት ቴፕ ሸፍኑት፤ አታጥብቁ፣ አንገቱ አካባቢም ቴፕ አይድረስ። የደረት ጥሩሩ መስመር የት እንዲያልፍ እንደምትፈልጉ በማርከር ሣሉበት። ከጀርባ ከታች ወደ ላይ ጫፉ ድቡልቡል በሆነ መቀስ ቀድዳችሁ አውልቁት፤ ልጁ ላይ ካተር አይነሳም። ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጉት ያበጠው ቦታ አልተኛም ይላል። እንዲተኛ እዚያ ቦታ ላይ ቅደዱት። የቀደዳችሁበት መስመር በኋላ የፎሙ መገጣጠሚያ ይሆናል። ግማሹን ብቻ ካርቶን ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን ሣሉና ቁረጡት፣ ሌላውን ግማሽ ካርቶኑን ገልብጣችሁ ሣሉት። ሁለቱ ጎኖች እኩል የሚወጡት በዚህ ብቻ ነው።

የደረት ጥሩሩ

ለምሳሌ የሰባት ዓመት ልጅ ከጃኬቱ በላይ ደረቱ ዙሪያውን 72 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ግማሹ 36 ነው። ከዚያ 3 ቀንሳችሁ የፊቱን ሰሌዳ 33፣ የጀርባውንም 33 አድርጉ። በሁለቱም ጎን የሚቀረው ክፍተት በላስቲክ ይያያዛል። ልጁ ሲተነፍስና ሲሮጥ የሚለጠጠው ላስቲኩ ነው፣ ፎሙ አይደለም።

ቁመቱ ከእምብርት በላይ ይቁም። እስከ ዳሌ ካወረዳችሁት ልጁ ሲቀመጥ የታችኛው ጠርዝ ጭኑ ላይ ያርፍና ጥሩሩ ወደ ላይ ተገፍቶ አገጩን ይመታዋል። የብብቱንም ክብ ከምታስቡት በላይ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡ።

አሁን ወደ ውበቱ። የፊቱን ሰሌዳ አንድ ወጥ አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት የቱንም ያህል ብትቀቡት ካርቶን ነው የሚመስለው። በሁለት ግማሽ ሥሩት፤ እያንዳንዱ 16 ተኩል ሴንቲ ሜትር ይሁን። የሁለቱ ግማሾች የመሃል ጠርዝ ቀጥ ያለ አይሁን። አንገት ሥር ቀጥ ብሎ ይጀምር፣ ሆድ አካባቢ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይበጥ፣ ወገብ ላይ ሲደርስ ተመልሶ ይግባ። እነዚህን ሁለት ያበጡ ጠርዞች ስታጣብቁ ፎሙ ጠፍጣፋ ሆኖ መቅረት አይችልም። መሃሉ ላይ ሸንተረር አውጥቶ ወደ ፊት ይነፋል። የጥንት አውሮፓውያን ፈረሰኞች የደረት ብረት ላይ የምናየው ቅርጽ ይህ ነው። እነሱ የሠሩት የሰይፍ ምት ወደ ጎን እንዲንሸራተት ብለው ነው፤ ለእኛ ደግሞ ልጁ ውስጡ እንደ ልቡ የሚተነፍስበት ቦታ ይፈጥራል።

መቁረጥ፣ ማሞቅ፣ ማጣበቅ

የካተሩን ምላጭ አዲስ አድርጉ። ፎም ለስላሳ ቢመስልም ምላጭ ቶሎ ያደንዛል፣ የደነዘ ምላጭ ደግሞ ፎሙን ይጎለጉለዋል። ስለዚህ በየጊዜው ጫፉን እየሰበራችሁ ቀጥሉ። ከሥር ወፍራም ካርቶን አንጥፉ። ምላጩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ በአንድ ግፊት ከማለፍ ይልቅ ሁለት ሦስቴ ሳብ ሳብ አድርጉ። ምላጩ ካዘነበለ ሁለቱ ጠርዞች ሲገናኙ ቦይ የመሰለ ክፍተት ይተዋሉ። ይህ የአዋቂ ሥራ ነው። ልጁ ፓተርኑን በማርከር ይግለብጥ፤ እሱ ራሱ ያስደስተዋል።

ቀጥሎ ሂት ገኑ። ከፎሙ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር አርቁና እጃችሁን ሳታቆሙ አንቀሳቅሱ። መጀመሪያ ፎሙ ድብዝዝ ያለ ነው። ሲሞቅ ገጹ በአንዴ ይወዛል፣ ትንንሾቹ ቀዳዳዎች ይዘጋሉ። ያን ጊዜ በቃ። ከዚያ በላይ ከቆያችሁ ይኮማተራል፣ ጭስም ይጀምራል። መስኮት ይከፈት። እንደሞቀ ጉልበታችሁ ላይ ወይም ትልቅ ድስት ላይ አጥፋችሁ እስኪበርድ ያዙት፤ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ሲበርድ በያዘው ቅርጽ ይቀራል። ካልወደዳችሁት እንደገና ማሞቅ ይቻላል። ሙቀቱ ከሙጫው በፊት ይሁን፣ ሙጫ ያረፈበትን መስመር መልሶ ማሞቅ ያላቅቀዋልና።

ኮንታክት ሲሜንት ሲቀባ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው። ሁለቱንም ጠርዞች በስሱ ቀቡ። ከዚያ ጠብቁ፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። በጣት ስትነኩት የማይከተላችሁ ሲሆን ደርሷል። ርጥብ እያለ ካገናኛችሁት ያንሸራትታል፣ አይዝም። ከደረሰ በኋላ ግን አንዴ ከተነካካ መመለስ የለም። ስለዚህ ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ ሚሊ በሚሊ እያገናኛችሁ ሂዱ። በመጨረሻ በጣቶቻችሁ ከላይም ከሥርም አጥብቃችሁ ጨምቁት።

ትከሻ፣ ክንድ፣ ቅልጥም

ትከሻው ላይ ብዙዎች አንድ ጎድጓዳ ነገር ይለጥፋሉ፤ ልጁ እጁን ሲያነሳ ጆሮው ላይ ይወጣበታል። ይልቁንስ ሦስት ሰፋ ያሉ ቅጠሎች ቁረጡ፣ እያንዳንዱ 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። እያንዳንዳቸውን በሙቀት እንደ ቅስት አጥፉ። የላይኛው የታችኛውን በ2 ሴንቲ ሜትር ይደርብ። አንዱን ከሌላው አታጣብቁ። ከውስጥ በኩል ሁለት የላስቲክ ጥብጣብ ከላይ እስከ ታች አውርዱና እያንዳንዱን ቅጠል በላስቲኩ ላይ ብቻ ለጥፉት። ልጁ ክንዱን ሲያነሳ ቅጠሎቹ አንዱ በሌላው ሥር ይገባሉ፣ ሲያወርድ ይዘረጋሉ። ጓደኞቹን የሚያስደንቀው ይሄ ክፍል ይሆናል።

የክንዱ ቀላል ነው። ከታች የአንጓ ዙሪያ፣ ከላይ ከክርን በታች ያለው ዙሪያ፣ ከሁለቱም 3 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ። ክፍተቱ ወደ ውስጠኛው ክንድ ይሁንና በሁለት ላስቲክ ተሻገሩት። ልጁ ራሱ እጁን ያስገባል፣ ራሱ ያወልቃል። የቅልጥሙም እንደዚሁ፤ ጉልበቱ ሥር ሦስት ጣት አውርዳችሁ ይቁም፣ ከታችም ቁርጭምጭሚቱን አይንካ። ጉልበትን ራሱን ተዉት። ደረጃ መውጣት የሚከብደው በጉልበት መሸፈኛ ነው፣ ማታ ላይ ደግሞ ሥራው ሁሉ ደረጃ መውጣት ነው።

ራስ ቁር

ፊት የሚሸፍን አትሥሩ። ልጁ ወደ ጎን ማየት አለበት፣ መንገድ ይሻገራል። ብዙ ትምህርት ቤቶችም ጭምብል አይፈቅዱም።

ጥሩ ሆኖ የሚወጣውና ለጀማሪ የሚመቸው በአራት ቅጠል የሚገጣጠመው ነው። የልጁ ራስ ዙሪያ 52 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለፎሙ ውፍረትና ለስስ ኮፍያ 4 ጨምሩ፣ 56 ይሆናል። ለአራት ሲካፈል 14። ይህ የእያንዳንዱ ቅጠል የታችኛው ስፋት ነው። ቁመቱን ለማግኘት ከግንባር መሃል ተነስታችሁ በአናት ላይ አልፋችሁ እስከ ማጅራት ለኩና ለሁለት ክፈሉት። 32 ከመጣ ቅጠሉ 16 ይሆናል። ከታች 14 የሆነው ስፋት ቁመቱ ግማሽ ላይ ወደ 10 ይውረድ፣ ጫፉ ሹል ይሁን። ጎኖቹ ቀጥ ብለው ከሄዱ የጎጆ ክዳን ይሆናል፤ ወደ ውጭ ያበጡ መስመሮች ሲሆኑ ነው ክብ የሚወጣው።

አራቱንም በጎድጓዳ ሳህን ጀርባ ላይ አሞቁና ቅርጽ አስይዙ፣ ከዚያ ሁለት ሁለቱን አጣብቁ፣ በመጨረሻ ሁለቱን ግማሾች። ስፌት የመሰለው መስመር ያስቀይማል ካላችሁ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ስስ ፎም ሸፍኑት፤ አንዱ ከግንባር ወደ ማጅራት፣ ሌላው ከጆሮ ወደ ጆሮ። ከታች ዙሪያውን 3 ሴንቲ ሜትር ቀበቶ ለጥፉ። የሚስማር ራስ እንዲመስል በወረቀት መብሻ ከስስ ፎም ክብ ክብ ነጠብጣብ አውጡና በእኩል ርቀት ደርድሩ። እውነተኛ ሚስማር ወይም ፒን አይግባበት።

ጋሻ ከተፈለገ

አውሮፓዊው ጋሻ ሹል ታች አለው። የእኛ ክብ ነው፣ ለመሥራትም ይቀላል፣ ልጁም ስለ አያቶቹ ጋሻ የሚጠይቀው ነገር ያገኛል። 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁረጡ። ከጠርዙ እስከ መሃሉ አንድ መስመር ቅደዱ። ሁለቱን ጠርዞች 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ደርባችሁ አጣብቁ፤ መሃሉ ወደ ላይ ይነሳል። ጋሻ ከቆዳ ነበርና ብርማ ሳይሆን ጥቁር ቡናማ ቀቡት፣ በላዩ ላይ በስስ ፎም የቆረጣችሁትን ጌጥ ብርማ ወይም ወርቃማ አድርጉ። የጥንቱ ጋሻ መሃሉ ላይ እጀታ ነበረው። ለልጁ ግን ሁለት ሰፊ ላስቲክ አድርጉለት፣ ክንዱ ላይ ይሰካው። አንዱ እጁ ለከረሜላው ቦርሳ ይፈለጋል።

ሰይፍን በተመለከተ፣ ትምህርት ቤቱ የላከውን ደብዳቤ መጀመሪያ አንብቡ። የብዙ ትምህርት ቤቶች ደንብ ከፎም የተሠራውንም መሣሪያ ይከለክላል።

ማሰሪያው

አንገት ላይ የሚታሰር ነገር እንዳይኖር። ካባ ካለ ሁለቱ ትከሻ ላይ በቬልክሮ ይያዝ፤ አጥር ወይም በር ሲይዘው ተላቆ ይቅር። የደረትና የጀርባ ሰሌዳ ትከሻ ላይ በቬልክሮ ይገናኙ። ከወገብ በታች የሚንጠለጠል ሰሌዳ ከጨመራችሁ ከጥሩሩ ጋር አታያይዙት። በራሱ ቀበቶ ላይ ይንጠልጠል። ሽንት ቤት ሲገባ ቀበቶውን ብቻ ይፈታል፣ ሌላው አይነካም።

ቀለም

ፎም ቀለም ይጠጣል። መጀመሪያ መዝጋት ያስፈልጋል። አሞቃችሁ ገጹን ካስወዛችሁት ግማሹ ሥራ አልቋል። የቀረውን ነጭ የእንጨት ወይም የትምህርት ቤት ሙጫ በእኩል ውኃ በጥብጣችሁ ሦስት ጊዜ ቀቡ፣ በየመሃሉ በደንብ ይድረቅ። ስስ ይሁን፤ የወፈረ እንደሆነ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ፕላስቲ ዲፕ የሚባለው የጎማ ስፕሬይ የተሻለ ይተጣጠፋል፤ ደጅ ላይ ግን ነው የሚነፋው።

ከዚያ ሁሉንም ጥቁር ቀቡ። ሲደርቅ ደረቅ ብሩሽ ብርማ ቀለም ውስጥ ትንሽ ንከሩና አብዛኛውን ቀለም ወረቀት ላይ ጥረጉት። ብሩሹ ባዶ ሊመስላችሁ ይገባል። በዚያ ጥሩሩ ላይ ቀለል አድርጋችሁ ሳብ ሳብ አድርጉ። ብርማው ጎላ ያለውን ቦታ ብቻ ይይዛል፣ ጎድጓዳው ጥቁር ይቀራል። ብዙ ዘመን የተወለወለ ብረት መስሎ የሚታየው በዚህ ነው። ይህን ሥራ ለልጁ ስጡት። እጁ ቢንቀጠቀጥ እንኳ የሚበላሽ ነገር የለም፣ ጭረት ይመስላል። በመጨረሻ ቡናማ ቀለም በውኃ አቅጥናችሁ መገጣጠሚያዎቹ ላይ አፍስሱና ወዲያው በጨርቅ ጥረጉ።

የቀለሙ ሥራ ከሃሎዊን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይጠናቀቅ። ጠረን ሳይለቀው ልጁ ላይ አይውጣ።

ከመውጣቱ በፊት

ሙሉውን አስለብሱትና ቤት ውስጥ አስሩጡት። ቁጭ ብድግ ይበል። ወለል ላይ የወደቀ ከረሜላ ያንሳ። ሁለት እጁን ወደ ላይ ያንሳ። የሚቆነጥጠው ቦታ ካለ አሁን ይነግራችኋል፤ እዚያ ቦታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ቀንሱና ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ አፍንጫና አፋችሁን ሸፍናችሁ።

በኦክቶበር 31 ዋሽንግተን አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው በአሜሪካ ሰዓት ከምሽቱ 6 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ነው። ልጆቹ የሚዞሩት በትክክል ያን ሰዓት ነው። ጥቁርና ብርማ ጥሩር በጨለማ አይታይም። ጀርባው፣ ቅልጥሙና ራስ ቁሩ ኋላ ላይ የሚያንጸባርቅ ቴፕ ለጥፉ፤ የጥሩሩ ጌጥ አስመስላችሁ በመስመር ብትለጥፉት አያስጠላም። ዱባ ውስጥ ሻማ ወደበራበት ደጃፍ ሲጠጋ እጁን ያዙት። ፎም እሳት ይይዛል።

በመኪና ወደ ሌላ ሰፈር የምትሄዱ ከሆነ ጥሩሩ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይሂድ። የመኪና መቀመጫው ቀበቶ ከልጁ ሰውነት ጋር መጠበቅ አለበት፣ ከመካከሉ ወፍራም ነገር ከገባ ይላላል። ስትደርሱ ማልበሱ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው።

ሲመለስ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ወይም ከኮርኒስ በላይ ባለው ቦታ አታስቀምጡት፤ የደረቱ ቅርጽ ይጠፋል። ውስጡን በጋዜጣ ሞልታችሁ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ፣ ከላዩ ምንም አይጫን። የካርቶን ፓተርኖቹን ልጁ ያን ጊዜ ስንት ዓመት እንደነበር ጽፋችሁባቸው አብራችሁ ክተቱ። በሚቀጥለው ዓመት ከጠበበው የጎኑን ላስቲክ በረዘመ መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ትከሻው ጋ ደግሞ ቬልክሮውን ሁለት ጣት አርዝሙለት።